ስንቶቻችን ተጨነቅን? ወረርሽኙ በአእምሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት መቁጠር ለምን ከበደ

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አልወስድ እያለዎት፣ ወይም ደግሞ ከልክ በላይ እየተኙ ምን ያህል ተቸግረዋል?»

መልሱ አራት ምርጫ አለው። በጭራሽ። አንዳንድ ቀን። ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት። በየቀኑ ለማለት ይቻላል።

በኮቪድ-19 ጊዜ ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ መልሷል። እስቲ ያንን ጊዜ አስታውሱት። ጠዋት የሚያስነሳ ጉዳይ የለም። ቀኑ ሰኞ ይሁን ሐሙስ ይምታታል። ማታ ማታ የሟቾችን ቁጥር እያዩ ማንጋት ነው። ታዲያ እንቅልፍ ያጣው ሰው ድባቴ (ዲፕሬሽን) ይዞት ነው? ወይስ ጤነኛ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሆነውን ሆኖ ነው? መጠይቁ ይህን አይለይም። ነጥብ ይሰጣል፣ ይደምራል፣ በቃ።

ስለ ወረርሽኙና ስለ አእምሮ ጤና የወጡ ቁጥሮችን ሳነብ ግራ የገባኝ ነገር አለ። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ በ2019 የጭንቀት ወይም የድባቴ ምልክት የታየባቸው አዋቂዎች 11 በመቶ ነበሩ። በኤፕሪል 2020 መጨረሻ በተጀመረ ሌላ ጥናት 35.9 በመቶ ሆኑ። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ 41.1 በመቶ ደረሱ። ከአሥር ሰው አራቱ ማለት ነው። ዜናው በየቦታው ተሰራጨ።

ከዚያ በማርች 2023 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ሌላ ሥራ ወጣ። ከወረርሽኙ በፊትም በወረርሽኙ ጊዜም የተለኩ 134 የሰዎች ስብስቦችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ጥናት ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ የአእምሮ ጤናም ሆነ ጭንቀት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ድባቴ ግን በጥቂቱ ጨምሯል አለ። ሴቶች ላይ መባባሱ ጎላ ብሎ ታይቷል።

አንዱ ጎርፍ አየሁ ይላል። ሌላው ካፊያ ነበር ይላል። ሁለቱም ግን አልዋሹም። ማንን፣ መቼ፣ በምን እንደለኩ ማየት ያስፈልጋል።

ከመለኪያው እንጀምር። ከላይ የጠቀስኩት ጥያቄ ፒኤችኪው-9 ከሚባለው መጠይቅ የተወሰደ ነው። ሮበርት ስፒትዘር፣ ጃኔት ዊልያምስና ከርት ክሮንኪ ያዘጋጁት ሲሆን በ2001 በሰፊው ተዋወቀ። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይያዛል። ጠቅላላው 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ድባቴ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል። የጭንቀት አቻው ጋድ-7 በ2006 መጣ። ሰባት ጥያቄ አለው፤ ጣሪያው 21 ነው።

«ይጠረጠራል» ያልኩት በምክንያት ነው። መጠይቁ የተሠራው ጊዜ ለሌለው ሐኪም ነው። ከብዙ ታካሚ መሃል ማንን ቀረብ ብሎ ማናገር እንዳለበት እንዲጠቁመው። ወንፊት ነው። ወንፊት ደግሞ ከሚፈለገው ጋር ሌላም ያሳልፋል። ተመራማሪዎች ፒኤችኪው-9ን የባለሙያ ቃለ ምልልስ ከሚሰጠው ውጤት ጋር ሲያስተያዩት፣ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ መጠይቁ 24.6 በመቶ ሲል ቃለ ምልልሱ 12.1 በመቶ ብቻ አገኘ። እጥፍ ነው! ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ ድባቴ ያዘው» የሚል ርዕስ ስታዩ፣ በወንፊቱ ያለፈው ነው ወይስ ሐኪም ያረጋገጠው ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ በወንፊቱ ያለፈው ነው።

«እሺ፣ ወንፊቱ ያጋንን» ይል ይሆናል አንባቢ። «ግን በፊትም የሚያጋንን ከሆነ፣ ጭማሪው እኮ ያው እውነተኛ ነው።» ትክክል ነው። ይህ የሚሠራው ግን በፊትና በኋላ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ሰዎች ላይ ከተለካ ነው። የአሜሪካው ቁጥር እዚህ ላይ ነው የሚሰነጠቀው።

የ2019ኙ 11 በመቶ የመጣው ጠያቂዎች ቤት ድረስ ሄደው ከሚሠሩት ብሔራዊ የጤና ጥናት ነው። የ2020ው 35.9 በመቶ ግን በኢሜይልና በስልክ መልእክት ግብዣ ተልኮ በኢንተርኔት የተሞላ ነው። ግብዣ ከደረሳቸው ሰዎች መልስ የሰጡት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። የመጀመሪያው ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ያለፉትን 7 ቀናት። ደግሞም ሰው ፊት ለፊት ለተቀመጠ ጠያቂ «ደህና ነኝ» ይላል። ብቻውን ስልኩን ይዞ ሲሆን ልቡን ያወጣል። በዚያ ላይ ከብዙ ሰው መሃል ለእንዲህ ያለ ግብዣ መልስ የሚሰጠው ማን ነው? ጉዳዩ የከነከነው ሰው መሆኑን መጠርጠር ይቻላል።

ያ ቤት ለቤት የሚሠራው ጥናት ራሱ በ2022 ሲደገም ምን አገኘ? ቀላሉንም ጨምሮ የድባቴ ምልክት ያለባቸው አዋቂዎች በ2019 ከነበሩበት 18.5 በመቶ ወደ 21.4 ወጡ። የጭንቀቱ ከ15.6 ወደ 18.2። ጭማሪ ነው፣ ያውም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ነው። ሦስት እጥፍ ግን አይደለም። በእርግጥ 2022 ላይ የመጀመሪያው ድንጋጤ አልፏል። ያም ሆኖ የልዩነቱን ሰፊ ድርሻ የፈጠረው የአለካኩ መንገድ ይመስለኛል።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነበሩ። ለዓመታት አንድን ሰው ደጋግሞ የሚጠይቅ ትልቅ የቤተሰብ ጥናት አላቸው። ወረርሽኙ ሲመጣ አዲስ ሰው መፈለግ አላስፈለጋቸውም። በ2018 እና በ2019 ከፍ ያለ የአእምሮ ውጥረት የታየባቸው 18.9 በመቶ ነበሩ። በኤፕሪል 2020 27.3 በመቶ ሆኑ። በጣም የወደድኩት ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ውጥረቱ ከወረርሽኙ በፊትም ቀስ በቀስ እየጨመረ ነበር። ስለዚህ «ወረርሽኙ ባይመጣስ በዚህ ወር ስንት ይሆን ነበር?» ብለው አሰሉ። አማካይ ነጥቡ ከ11.5 ወደ 12.6 ወጥቶ ነበር። ከዚህ ጭማሪ ውስጥ ከወትሮው አካሄድ ያለፈው 0.48 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ግማሽ እንኳ አልሞላም። ይህን ያላሰላ ሰው ሁሉንም በወረርሽኙ ላይ ይደፈድፈዋል።

ይህ ጥናት የተጠቀመበት መጠይቅ ጂኤችኪው-12 ይባላል። እሱም የራሱ ወጥመድ አለው። የሚጠይቀው «ከወትሮው ጋር ሲነጻጸር» እያለ ነው። የዕለት ተዕለት ኑሮዎ ያስደስትዎታል? ከወትሮው በላይ፣ እንደ ወትሮው፣ ከወትሮው ያነሰ፣ ከወትሮው በጣም ያነሰ። እንግዲህ በር ተዘግቶ ባለበት ወር «እንደ ወትሮዬ ነኝ» የሚል ማን አለ? ከዓመት በኋላስ? ያኔ «ወትሮ» ራሱ ተቀይሯል። ቤት መዋል ወትሮ ሆኗል። ሰውየው ያው ተከፍቶ እያለ «እንደ ወትሮዬ» ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ ይወርዳል። ሰውየው ተሽሎት ነው ወይስ ለምዶት? ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ጊዜም ወሳኝ ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዴዚ ፋንኮርት ቡድን በማርች 2020 አንድ ጥናት ጀመረ። በኋላ ከ36,000 በላይ አዋቂዎችን ለ20 ሳምንታት የተከታተለ ውጤት አወጣ። ጭንቀትና ድባቴ ከፍ ብለው የታዩት ገደቡ በተጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚያ እየወረዱ ሄዱ። የእርዳታ ስልክ መስመሮችም ተመሳሳይ ታሪክ ይናገራሉ። በ19 አገሮች ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥሪዎች ሲመረመሩ፣ ጥሪው ጫፍ የደረሰው ወረርሽኙ ከገባ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከወትሮው በ35 በመቶ በልጦ ነበር። ሰዎቹ በብዛት ያወሩት ስለ ፍርሃትና ስለ ብቸኝነት ነው። ስለዚህ በኤፕሪል 2020 የተነሳ ፎቶ የዘመኑ ሁሉ መልክ ተደርጎ ሲጠቀስ ቅር ይለኛል። ሰው በደነገጠበት ቀን ያነሱት ፎቶ ነው።

በዓለም ደረጃ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ደግሞ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በኦክቶበር 2021 ያወጣው ነው። በ2020 ተጨማሪ 53.2 ሚሊዮን ሰዎች በከባድ ድባቴ፣ 76.2 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ በጭንቀት ሕመም ተይዘዋል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በማርች 2022 «25 በመቶ ጨምሯል» ሲል የተናገረው ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ይህ ግምት የተመሠረተው መስፈርቱን ባሟሉ 48 የመረጃ ምንጮች ላይ ነው። አብዛኞቹ ከሀብታም አገሮች የመጡ ናቸው። መረጃ ላልተገኘባቸው አገሮች ቁጥሩ የተሰላው ቫይረሱ ምን ያህል እንደተሠራጨና የሰዎች እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደቀነሰ በማየት ነው። አዘጋጆቹም ይህን አልደበቁም። ግን እስቲ አስቡት። ደሃ አገር ውስጥ ያለ ሰው ጭንቀት ሳይጠየቅ የተገመተ ነው። ከሰውዬው አፍ አንድ ቃል አልተወሰደም።

ቃል ካልኩ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። እነዚህ መጠይቆች የተወለዱት በእንግሊዝኛ ነው። በሌላ ቋንቋ ሲጠየቁ ያንኑ ነገር ይለካሉ? በራሳችን አማርኛ እንየው። መጠይቁ ስለ ድብርት ይጠይቃል እንበል። ዛሬ ወጣቱ «ደበረኝ» ሲል ብዙ ጊዜ ሰለቸኝ ወይም አልተመቸኝም ማለቱ ነው። ቤት ተዘግቶበት የዋለ ሰው «ድብርት ተሰምቶዎታል?» ሲባል «በየቀኑ!» ቢል ምን ይገርማል? «ጨነቀኝ»ም እንዲሁ ሰፊ ነው። የሚከፍለው ያጣ ሰውም ይለዋል፣ ልቡ ያለምክንያት የሚመታበት ሰውም ይለዋል። በአንጻሩ ከባድ ሐዘን ውስጥ ያለ ሰው ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ላይጠቀም ይችላል። «ሆዴን ባር ባር አለው» ይላችኋል። መጠይቁ ደግሞ ስለ ሆድ የሚጠይቀው ምግብ ላይ ብቻ ነው።

በዚምባብዌ ይህን ቀድመው ተረድተውታል። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አለ። አብዝቶ ማሰብ፣ ማውጠንጠን ማለት ነው። ሰዎች ሕመማቸውን የሚገልጹት በዚህ ስለሆነ፣ ባለሙያዎቹ ከሕዝቡ አነጋገር ተነስተው 14 ጥያቄ ያለው የራሳቸውን መጠይቅ ሠሩ። እንዲህ ያለ ሥራ ዓመታት ይወስዳል። ወረርሽኝ ከገባ በኋላ በሁለት ሳምንት ተርጉሞ መበተን ግን በየቦታው የሆነ ነገር ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አማካይ ወደሚባለው።

አሥር ሰው አስቡ። ከወረርሽኙ በፊት ሁሉም 5 ነጥብ ነበራቸው። ወረርሽኙ መጣ። ስምንቱ ያው 5 ላይ ናቸው። አንዱ ከቤት ሆኖ መሥራት ተስማማው፤ ከክፉ አለቃ ተገላግሎ 1 ሆነ። አንዷ ግን ሥራዋን አጣች፣ እናቷን ቀበረች፤ 12 ደረሰች። አማካዩ ስንት ሆነ? 5.3። «ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ይላል ሪፖርቱ። ስሌቱ ልክ ነው። ሴትዮዋ ግን ጠፋች።

ይህን ያሳየው በ2021 ላንሴት ሳይካያትሪ ላይ የወጣ ሥራ ነው። ከላይ ያነሳሁትን የእንግሊዞቹን ጥናት ተሳታፊዎች፣ 19,763 አዋቂዎችን፣ አንድ በአንድ መንገዳቸውን ተከታተለ። ወደ 77 በመቶ የሚሆኑት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደህና ወይም በጣም ደህና ነበሩ። 12 በመቶ መጀመሪያ ላይ ወድቀው ተነሱ። 4.1 በመቶ እያሽቆለቆሉ ሄዱ። 7 በመቶ ደግሞ ከመነሻው ጀምሮ በጣም ክፉ ሁኔታ ላይ ቆዩ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደምሯቸው። ከዘጠኝ ሰው አንዱ ነው። እነማን ናቸው? ቀድሞም የአእምሮ ወይም የአካል ሕመም የነበረባቸው፣ ደሃ ሰፈር የሚኖሩ፣ እንዲሁም የእስያ፣ የጥቁርና የቅይጥ ዘር ያላቸው ሰዎች በብዛት ተገኙባቸው። ሰው በቫይረሱ ከተያዘ ወይም የገንዘብ ችግር ከገጠመው በኋላ ሁኔታው እየባሰ እንደሚሄድም ታየ።

ስለዚህ «አብዛኛው ሰው ተቋቁሞታል» የሚለውም እውነት ነው። «ብዙ ሰው ተሰብሯል» የሚለውም እውነት ነው። የተሰበሩት እነማን እንደሆኑ ማየት የሚቻለው አማካዩን ፈትቶ በማየት ነው።

መጠይቁን ትተን የሐኪም ቤት መዝገብ ብናይስ? እሱም ያሳስታል። በእንግሊዝ በኤፕሪል 2020 በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ አዲስ የተመዘገበ ድባቴ ከሚጠበቀው በ43 በመቶ አንሶ ነበር። ሕመሙ ቀንሶ አይደለም። ሰው ወደ ሐኪም መሄድ ፈርቶ ነው፤ ቀጠሮም ተሰርዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት 130 አገሮችን ጠይቆ በ93 በመቶዎቹ ወሳኝ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተስተጓጉሏል ወይም ቆሟል የሚል መልስ አግኝቷል። በሩ ሲዘጋ መዝገቡ ባዶ ይሆናል።

የራስን ሕይወት የማጥፋት ቁጥርም ተጠንቅቆ የሚነበብ ነው። በ21 አገሮች የተሰበሰበ መረጃ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭማሪ አላሳየም። ብዙዎች የፈሩት ስላልሆነ ደስ ይላል። ጃፓን ግን ቸኩሎ መደምደምን ታስተምራለች። በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት በ14 በመቶ ቀነሰ። ከጁላይ እስከ ኦክቶበር 2020 ደግሞ በ16 በመቶ ጨመረ። በሴቶች ላይ ጭማሪው 37 በመቶ ነበር። ጁን ላይ መዝገቡን የዘጋ ሰው መልካም ዜና ብቻ ይዞ ይሄድ ነበር።

ሌላው ጥያቄ መንስኤው ነው። ወረርሽኝ የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ቫይረሱ ራሱ አለ። በአብዛኛው አሜሪካ ካሉ መዝገቦች የተሰበሰበ መረጃ እንዳሳየው፣ ኮቪድ ከያዛቸው 236,379 ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛው በስድስት ወር ውስጥ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕመም ተመዝግቦባቸዋል። ይህ ኢንፍሉዌንዛ ከያዛቸው ሰዎች ጋር ሲተያይ ከፍ ያለ ነው። ሐዘን አለ። በአሜሪካ በተሠራ ስሌት ለአንድ የኮቪድ ሟች ወደ ዘጠኝ የሚጠጉ የቅርብ ዘመዶች ሐዘን ይቀመጣሉ። መገለል አለ። የገቢ መቋረጥ አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡ፤ መጠይቁ ውስጥ ገብተው አንድ ድምር ሆነው ወጡ። መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው ክኒን ቢሰጠው ኪራዩ አይከፈልለትም። እናቱን ሳይሰናበት የቀበረ ሰው ደግሞ ገንዘብ ቢሰጠው ሐዘኑ አይወጣለትም። ፒኤችኪው-9 ስለ ሐዘን አንድም ጥያቄ የለውም።

ሳልናገረው ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ነው። ብዙ የሕዝብ ጥናቶች ይህን ትተው በስምንቱ ብቻ ይጠይቃሉ። የእንግሊዝ ብሔራዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም ያደረገው ይህንኑ ነው። በዚያ መለኪያ የድባቴ ምልክት ያለባቸው ከወረርሽኙ በፊት 9.7 በመቶ ነበሩ፤ በጁን 2020 19.2 በመቶ ሆኑ። ጥያቄውን መተው ያለምክንያት አይደለም። ሰው ሌሊት ላይ ብቻውን «አዎ፣ በየቀኑ» ብሎ ቢሞላ ማን ይደውልለታል? የሚደውል ሰው ካልተዘጋጀ አለመጠየቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው። ይገባኛል። ግን እጅግ የሚያስፈልገን መልስ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። መጠይቅ የሚበትን ሁሉ ከመበተኑ በፊት የሚደውለውን ሰው ቢያዘጋጅ እመርጣለሁ።

የፒኤችኪው-9 ቅጽ ላይ ከዘጠኙ በታች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለች። ነጥብ አይሰጣትም፤ ድምሩ ውስጥም አትገባም። እንዲህ ትላለች፦ እነዚህ ችግሮች ሥራዎን ለመሥራት፣ የቤትዎን ጉዳይ ለመከወን፣ ከሰው ጋር ለመግባባት ምን ያህል አስቸግረዎታል? ሁለት ሰዎች እኩል 11 ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ። አንደኛው እንቅልፉ ተዛብቶ፣ ደክሞት፣ ግን ምግብ አብስሎ፣ ወንድሙ ጋ ደውሎ ይውላል። ሁለተኛዋ ሦስት ቀን ሙሉ መጋረጃ አልከፈተችም፤ ስልኩ ሲጮህ ታየዋለች እንጂ አታነሳውም። ዘጠኙ ጥያቄዎች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። የምትለያቸው ያቺ ያልተቆጠረችው ጥያቄ ናት።